ሦስት ቁጥር

ማክሰኞ ማታ ነው፤ አውቶ ፓርኮ ጀርባ
ቆርቆሮው ይጮኻል ዝናቡ ሲገባ።
የውርርድ ትኬት አትማለሁ፣ ገንዘብ እቀበላለሁ፣
ሲመሽም መዝጊያውን እኔው አወርዳለሁ።
ዛሬ ትልልቆቹ አይጫወቱም፤ የሉም፣
ሕፃን ስማቸውን ለብሶ የሚዞርላቸው ሁሉም።
ያለው አራተኛው የእንግሊዝ ዲቪዚዮን፣
የከተሞቹ ስም ምላስ የሚይዘን።

ፈንታሁን ግን ያውቃል። ባጃጁን አቁሞ
ሃምሳ ብር ቆረጠ፣ ከነዳጁ ቀድሞ፤
"ባለሜዳው ያገባል፣ ምን ቢዘገይም" አለ፣
ከአዘዞ አልፎ እንኳ አንድ ቀን ያልዋለ።

ሜዳው ጭቃ በጭቃ፤ የተመልካቹ ቁጥር
የሚበቃ እንኳ አይደል ለአንድ ሰፈር ዕድር።
አንዱ ውሻ ይዟል። አንዱ ቆሞ ይበላል።
ከግቡ ጀርባ አጥር፣ ከአጥሩ ጀርባ መኪና ይሄዳል።

ያኔ ነው ያየሁት፦
በግራ መስመር ላይ፣ ሦስት ቁጥር የለበሰ፣
መላጣ፣ ጉልበቱ የታሰረ፣ ትንፋሹ ያነሰ።
ኮሜንታተሩ ሲያወራ ፈንታሁን ተረጎመ፦
"አሥራ አንደኛ ክለቡ ነው፤ ዘንድሮም ሁለቴ ታመመ፤
በእረፍታቸው ወራት ቤት ይቀባል።" ሳቀ። "ለምን በል ነገር?
ኳስ ተጫዋች አይደል? ለዚያውም እንግሊዝ አገር!"
ዝም አልኩ።

እኔም ዘጠኝ ክለብ።
ዳንግላ ፈረምኩኝ፣ በፒክአፕ ቦኔት ላይ፣
የፊርማውን ገንዘብ እስከ ዛሬ ሳላይ።
መተማ ሁለት ዓመት፤ ሙቀቱ ታኬታ ያቀልጣል፣
ደመወዝ በአራት ወር፣ እሱም ተቆራርጦ ይመጣል።
ሁመራ ግማሽ ዓመት። ደባርቅ አንድ ብርድ ልብስ
ለሁለት ተካፈልን፣ እኔና በረኛው አስረስ፤
እሱ በእንቅልፍ ልቡ "ሰው ያዝ! ሰው ያዝ!" ይላል፣
እኔም ተኝቼ እይዛለሁ፤ ሌሊቱ ያልፋል።

ሽማግሌ ብልክ ወደ ጥሩዓለም ቤት
አባቷ ጠየቁ፦ "የልጁ ሥራ የት?"
"ኳስ ይጫወታል" ቢሉ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው
"ይጫወት፤ ግድ የለም። ሥራው ግን ምንድን ነው?"

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፋሲለደስ ሜዳ
ለማሻማት መታሁ፤ ኳሷ በነፋስ ሄዳ
መረብ ላይ አረፈች። ሕዝቡ "ግንቡ! ግንቡ!" አለ፣
ላሻማ እንደነበር ማንም አላስተዋለ።
እኔም አልተናገርኩም።

ግንቡ ነበር ስሜ፣ እስኪፈርስ ጉልበቴ።
ወረታ ላይ ፈረሰ፣ በሠላሳ ሦስት ዓመቴ።
ወጌሻው አሸኝ በቅቤ፤
ክለቡ በደብዳቤ።
ግራ መስመር ገብቼ፣ ግራ ገብቶኝ ወጣሁ፤
ባዶ እጄን አልልም፣ አንድ ማልያ አመጣሁ።

ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ዘጠና ደቂቃ።
የባለሜዳው አጥቂ፣ ልጅ እግር፣ ጭቃ ለጭቃ
መላጣውን አለፈው፤ በረኛውንም አልፎ
መታ። ፈንታሁን ተነሣ፣ ወንበሩን ደፍቶ፣ ከንፎ።
ኳሷ እየተንከባለለች፣ መስመሩ ላይ ደርሳ፣
ከየት እንደመጣ፣ ያ እግር እንዴት ተነሣ፣
ተንሸራቶ፣ በሆዱ፣ በጉልበቱ፣ በጥርሱ፣
በግራው አወጣት። በዚያው ቀረ ራሱ፣
መረብ ውስጥ ተጠምዶ፣ እንደ ጣና ዓሣ።

ዜሮ ለዜሮ። "ይህ ሽማግሌ ሃምሳ ብሬን በላ!"
ፈንታሁን ትኬቱን ቀዶ ጣለ ከኋላ።
እኔ ቆሜ ነበር። አጨበጨብክ አሉኝ።
ደንበኞቹ ዞረው እንደ እብድ አዩኝ።
እዚያም ብዙ አልተባለ። በረኛው መላጣውን
መታ መታ አድርጎ አነሣው፣ ይዞ እጁን።
እያነከሰ ሄደ። ካሜራው ሌላ ሰው ፈለገ፤
ውሻው ተነሥቶ ጅራቱን ወዝወዝ አረገ።

መዝጊያውን አወረድኩ። ዝናቡ አባርቷል።
ጃንተከል ዋርካ ሥር ገና ይንጠባጠባል።
ባዶ የውኃ ላስቲክ መንገድ ላይ አገኘሁ፤
ግራ ቀኝ አየሁ፣
ማንም የለም፣
በግራዬ መታሁት።
ጉልበቴን አመመኝ። ላስቲኩ ግን ሄደ፣
ቀጥ ብሎ፣ ቁልቁል፣ ፒያሳን ይዞ ወረደ።
"ላሻማ ነበር" አልኩ፣
ጮክ ብዬ።